ሕዝባዊ ጥበብን በዕለት ተዕለት ዕቃ ማስተማር፦ ተማሪዎች ምን ይሰብስቡ፣ እንዴትስ ይመዝግቡ?

ለረጅም ዓመታት ያገለገለ የእንጨት ማማሰያ ጫፉ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ይገኛል፤ ያለቀው ወገን የትኛው እንደሆነ ማየት ተጠቃሚው ቀኝ እጀኛ ወይም ግራ እጀኛ እንደነበረ ሊጠቁም ይችላል። መጨበጫው ከእጅ ላብና ቅባት የተነሣ ጠቁሮ ለስልሷል፤ እጅ ያልደረሰበት ቦታ ግን አሁንም ሻካራ ነው። ይህን ዕቃ በተማሪዎች ፊት አስቀምጦ «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ቃል መልስ ያስገኛል። «የተጠቀመበት ሰው በየት በኩል ይይዘው ነበር? ይህንንስ ከምን አወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተማሪዎቹ ዕቃውን እያገላበጡ እንዲያዩ፣ እርስ በርስ እንዲከራከሩና የሚናገሩትን በማስረጃ እንዲደግፉ ያደርጋቸዋል። ሕዝባዊ ጥበብን ማስተማር የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሕዝባዊ ጥበብ ምን እንደሆነ፣ ተማሪዎች የዕለት ተዕለት ዕቃዎችን ሲሰበስቡ ምን ሊማሩ እንደሚችሉና ሥራው እንዴት ቢከናወን እንደሚበጅ ለማብራራት የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ማስረዳት የምፈልገው ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የትምህርት ቤት ስብስብ ዋጋ የሚመዘነው ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አብሮ በተሰበሰበው ዕውቀት መሆኑ ነው። ማን እንደሠራው፣ ሠሪው ሙያውን ከማን እንደተማረ፣ ለምን አገልግሎት እንደዋለና በምን መንገድ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ ያልተመዘገበለት ዕቃ፣ የሚያውቀው ሰው ከአካባቢው በራቀ ጊዜ አፍ የሌለው ቁሳቁስ ሆኖ ይቀራል። የዕቃዎቹ ብዛትም ሆነ ውበት ይህን ጉድለት አይሞላውም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝባዊ ጥበብ ሲባል

ሕዝባዊ ጥበብ በአብዛኛው ከመደበኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውጭ፣ በቤተሰብ ወይም በማኅበረሰብ ውስጥ በማየትና በመሥራት የሚወረስ፣ በቅርብ ከሚገኝ ቁስ የሚሠራና ከኑሮ ጋር የተሳሰረ የእጅ ሥራ ነው። ሸክላ፣ ስፌት፣ ሽመና፣ ጥልፍ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የልጆች መጫወቻ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሠሪው ቅርጹን ከባዶ አይፈጥረውም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የተስማሙበትን ተቀብሎ በራሱ እጅ ጥቂት ይለውጠዋል። ስለዚህ አንድን ሥራ የሚመለከት ተማሪ የማኅበረሰቡ የሆነውንና የሠሪው የግሉ የሆነውን ለይቶ ማየት ይጠበቅበታል። ለዚህ ደግሞ አንድ ቅርጫት አይበቃም፤ በአንድ አካባቢ የተሰፉ ሦስት ወይም አራት ቅርጫቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የሚደጋገመው የጋራው ልማድ፣ የሚለያየው ደግሞ የየሰፊው ምርጫ መሆኑ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገለጣል።

ይህ ብያኔ ሁሉን የሚያስማማ አይደለም። ሆልገር ኬሂል በ1932 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባዘጋጀው የአሜሪካ ሕዝባዊ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ትኩረቱን ያደረገው መደበኛ የጥበብ ትምህርት ያላገኙ ሰዎች በሠሯቸው ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች ላይ ሲሆን፣ ሥራዎቹ የቀረቡትም ተመልካች በውበታቸው እንዲደሰትባቸው ነበር። የፎክሎር፣ ማለትም የሕዝብ ልማድና ትውፊት ተመራማሪዎች በበኩላቸው ይበልጥ የሚያተኩሩት ሙያው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው፤ ማን ከማን ተማረ፣ ማኅበረሰቡስ የትኛውን ሥራ «ደህና ተሠርቷል»፣ የትኛውን «ተበላሽቷል» ይላል ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም አቀራረቦች የየራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም ለመማሪያ ክፍል የሚሻለው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ተማሪውን «ደስ ብሎኛል» ወይም «አልወደድኩትም» ከሚል አስተያየት ብዙም አያሳልፈውም፣ ሁለተኛው ግን ወጥቶ ሰው የሚጠይቅበትን ጉዳይ በእጁ ያስይዘዋል።

ተማሪዎች ወደ ትምህርቱ ይዘውት የሚገቡት የተለመደ ግምት ሕዝባዊ ጥበብ ሁሉ ጥንታዊ ነው የሚለው ነው። ይህን ግምት ለማረም ማትሪዮሽካ የተባሉት፣ አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ የሚገቡት የሩሲያ የእንጨት አሻንጉሊቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ብዙ ሰው የጥንት አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ ሆኖም የታዩት በ1890ዎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን ቫሲሊ ዝቭዮዝዶችኪን የተባለ እንጨት ቀራጭና ሠዓሊው ሰርጌይ ማልዩቲን እንደሠሯት ይነገራል፤ በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ከቀረቡ በኋላም ዝናቸው ከአገራቸው ውጭ ተስፋፋ። በሜክሲኮ አሌብሪሄስ የሚባሉት ደማቅ ቀለም የተቀቡ፣ ክንፍና ቀንድ ያላቸው እንግዳ እንስሳትም እንዲሁ በ1930ዎቹ በሜክሲኮ ሲቲ ፔድሮ ሊናሬስ በተባለ የወረቀት ቅርጽ ሠሪ የተጀመሩ ናቸው፤ ኦአሃካ በተባለው የሜክሲኮ ግዛት ያሉ እንጨት ቀራጮች ደግሞ ሐሳቡን ወደ ራሳቸው ቁስ አምጥተው ሌላ መልክ ሰጡት። በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ሰፊዎች በፕላስቲክ የተሸፈነ ባለቀለም የስልክ ሽቦን በመጠቀም የሚሠሯቸው ቅርጫቶች ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራሉ ብዬ አምናለሁ፤ ቁሱ ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ አሠራሩ ግን ከሣር ስፌት የተወረሰ ነው። ትውፊት በእጅ እንቅስቃሴና በልምድ ውስጥ እንደሚኖር፣ ቁሱ ቢለወጥም ሊቀጥል እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ሌላው ግምት የዕለት ዕቃዎች ሠሪ ስም የለውም የሚለው ነው። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር በ1920ዎቹ አጋማሽ ሚንጌይ የተባለውን የሕዝባዊ ዕደ ጥበብ እንቅስቃሴ ሲጀምር፣ ስማቸው ያልታወቀ ሠሪዎች ለተራ ሰው የዕለት አገልግሎት ብለው በብዛትና በርካሽ የሠሯቸው ዕቃዎች ውበት፣ ስም ለማትረፍ ተብሎ ከተሠራው እንደሚበልጥ አስተምሯል። በ1936 በቶኪዮ የተከፈተው የጃፓን ሕዝባዊ ዕደ ጥበብ ሙዚየምም የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። ያናጊ ሰዎች ንቀው ያለፉትን ጎድጓዳ ሳህንና ማሰሮ ደግመው እንዲያዩ በማድረጉ ትልቅ ውለታ ውሏል። ይሁንና የሠሪው ስም አለመታወቁን እንደ ውበት ምንጭ መቁጠር ለተማሪዎች ሊተላለፍ የሚገባ ትምህርት አይደለም እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ስሙ ያልታወቀው ሠሪው ስም ስላልነበረው አይደለም፤ ዕቃውን የወሰደው ሰው ስላልጠየቀ ነው። ተማሪው ሊጠይቅ እየቻለ «ሠሪው አይታወቅም» ብሎ ሲጽፍ በዝምታ ማለፍ አይገባም።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ በተባለ በወንዝ የተከበበ የገጠር መንደር ጥቁር ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፏቸው የአልጋ ልብሶች ይህን ነጥብ ያጠናክራሉ። የተሰፉት ቅዝቃዜ በሚገባበት ቤት ቤተሰብን ለማሞቅ ሲሆን ከቁሳቸው አንዱ ያረጀ የሥራ ልብስ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሱሪው በጉልበቱ በኩል የደበዘዘበት ቦታ ዛሬም ይለያል። በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለዕይታ ሲቀርቡ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሰፊዋ ስም ተጽፎ ነበር። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ እናት ለልጅ እያስተላለፈች በምትሠራው ጥበብም ቢሆን የእያንዳንዷ ሴት እጅ እንደሚለይ ለማየት ያስቻለው ይህ ስም ነው።

ሰብሳቢዎቹ ምን ፈለጉ?

ተማሪዎች ራሳቸው ከመሰብሰባቸው በፊት ቀደምት ሰብሳቢዎች ለምን እንደሰበሰቡ ማወቃቸው ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሰብሳቢው ዓላማ ምን እንደሚወሰድና ምን እንደሚተው ይወስናል። ስዊድናዊው አርቱር ሃሴሊየስ የቋንቋ መምህር ነበር። በ1872 በዳላርና አውራጃ ሲዘዋወር የገጠሩ ሕዝብ አለባበስና ቁሳቁስ በኢንዱስትሪ ዘመን ግፊት እየጠፋ መሆኑን ተመልክቶ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1873 በስቶክሆልም ስብስቡን ለሕዝብ ከፈተ፣ ይህም ኋላ ኖርዲክ ሙዚየም ሆነ። በ1891 ደግሞ ስካንሰን የተባለውን፣ ከቤት ውጭ በክፍት ሥፍራ የሚጎበኝ ሙዚየም አቋቁሞ ሙሉ ቤቶችን ከየቦታቸው እያስነቀለ አመጣ፤ ማሰሮና አልጋ ከቤቱ ተነጥሎ በመስታወት ሣጥን ሲቀመጥ የሚጎድለው ነገር እንዳለ ገብቶት ነበርና። በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት ሄንሪ መርሰር የተባለ ሰብሳቢ ከ1897 ጀምሮ የሰበሰበው ሌላ ነገር ነው፤ ማሽን ከመምጣቱ በፊት የነበሩ የሥራ መሣሪያዎችን፣ ሌሎች እንደ ውራጅ የጣሏቸውን፣ በየሥራ ዘርፋቸው አሰባስቦ በ1916 ራሱ ባሠራው የኮንክሪት ሕንጻ ውስጥ አኖራቸው። ለእርሱ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦርነትና በሕግ ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ በመጥረቢያና በመሮም ይነገር ነበር።

የሕንጻና የጨርቅ ንድፍ ባለሙያው አሌክሳንደር ዢራርድ ከባለቤቱ ከሱዛን ጋር ከ100,000 በላይ መጫወቻዎች፣ ጨርቃ ጨርቆችና ትንንሽ ምስሎች ሰብስቦ በአሜሪካ በሳንታ ፌ ከተማ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የሕዝባዊ ጥበብ ሙዚየም ሰጥቷል። በ1982 በተከፈተው ቋሚ ትርኢት ላይ ዕቃዎቹን እንደ ትንንሽ ከተሞችና በዓላት አድርጎ ሲደረድራቸው ከአጠገባቸው የማብራሪያ ጽሑፍ እንዳይለጠፍ ወስኗል፤ ጎብኚው ማንበቡን ትቶ እንዲያይ ፈልጎ ነው። ይህ ውሳኔ ከላይ ካቀረብኩት ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ተማሪን በመጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ማሳየት ግን ዓይኑን እንደሚያሠራው አልጠራጠርም። ጽሑፉ ከዕቃው አጠገብ ባይኖርም በመዝገቡ ውስጥ እስካለ ድረስ ዢራርድ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ለዛሬ ተማሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የስዊድን ሙዚየሞች በ1977 ሳምዶክ በሚል ስም የጀመሩት ትብብር ነው። ሙዚየሞቹ የሥራና የኑሮ መስኮችን ተከፋፍለው፣ ገና በአገልግሎት ላይ ያለውን የዘመናቸውን ዕቃ ከተጠቃሚዎቹ ቃልና ከፎቶግራፍ ጋር ይመዘግቡ ነበር። የመርሕ ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሰብሳቢ ሁልጊዜ የሚደርሰው ሊጠፋ ሲል ከሆነ የሚያስረዳው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞት ሄዷል። ዕቃው በሥራ ላይ ሳለ የሚመዘግብ ተማሪ ግን ሲሠራበት ያያል፣ ይጠይቃል፣ ካልገባው ነገ ተመልሶ ይጠይቃል።

ምን ይሰብሰብ?

«ባህላዊ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» የሚል ትእዛዝ ለስብስብ ጥሩ መነሻ አይደለም። ተማሪዎቹ ለጌጥ የተሠራ፣ ለቱሪስት የሚሸጥ ወይም ቤተሰባቸው የሚኮራበትን ውድ ዕቃ ብቻ እንዲያመጡ ያደርጋል፤ የዕለት ዕቃው ቤት ይቀራል። ከዚህ ይልቅ አንድ ድርጊት መርጦ በዚያ ዙሪያ መሰብሰብ የተሻለ ነው። መሸከም፣ መክደን፣ ማሰር፣ መጥረግ፣ መለካት ከተባሉት አንዱ ይመረጥ። ለምሳሌ «መሸከም» ቢባል ቅርጫት፣ ከረጢት፣ ገመድ፣ የልጅ ማዘያ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ በእጅ የተሠራውና ከፋብሪካ የወጣው አንድን ችግር በምን የተለያየ መንገድ እንደፈቱ ለማነጻጸር ይቻላል። ፕላስቲኩ ሕዝባዊ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክርም ከተማሪዎቹ መካከል በራሱ ይነሣል፤ መምህሩ ፈጥኖ ባይፈርድ ይመከራል።

እኔ በግሌ ከሁሉም የማስቀድመው የተጠገነ ዕቃን ነው። የተጠገነ ዕቃ ሁለት ሠሪ አለው፤ መጀመሪያ የሠራውና ኋላ ያቃናው። በሽቦ የተሰፋ የተሰነጠቀ ገበታ፣ እጀታው የተለወጠ መዶሻ፣ ጣፋ ላይ ጣፋ የተደረበበት ልብስ፣ በቀለጠ ፕላስቲክ የተደፈነ ባልዲ ሁሉም ባለቤቱ ዕቃውን ከመጣል ይልቅ ለምን እንደጠገነው ይነግሩናል፤ አንዳንዱ ሌላ መግዣ አጥቶ፣ አንዳንዱ አዲሱ እንደ አሮጌው ስለማይመቸው፣ አንዳንዱም ዕቃው የሟች ወላጁ ስለሆነ። ጥገና ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ ያደገባቸው ባህሎችም አሉ። በቤንጋል ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በቀጥታ ስፌት በማያያዝ ካንታ የተባለውን መደረቢያ ይሠራሉ፤ ከሳሪው ጠርዝ የተመዘዘ ባለቀለም ክር ለጥልፉ ያገለግል ነበር። በሰሜን ጃፓን ድሆች ገበሬዎች ለትውልዶች ጣፋ እየደራረቡ የለበሱት ቦሮ የተባለው ልብስ ዛሬ በሙዚየም ይታያል። ለተማሪ የሚሰጠው ሥራም ግልጽ ነው፤ ጣፋዎቹን ቆጥሮ የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው በኋላ እንደተሰፋ ከመደራረባቸው ማወቅና ይህን በሥዕል ማሳየት ይችላል። ታሪክ በቅደም ተከተል እንዴት እንደሚጣራ በእጁ እየዳሰሰ የሚማርበት ሌላ እንዲህ ያለ ቀላል መንገድ አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ዕቃ መሰብሰብ ካልቻለ ከሙዚየም መዋስ ይቻላል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1905 የተቋቋመው የትምህርት ሙዚየም መምህራን የጠየቁትን ዕቃ በፈረስ ጋሪ ለየትምህርት ቤቱ ያደርስ ነበር።

ማየት፣ መጠየቅ፣ መጻፍ

የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ጁልስ ፕራውን በ1982 ባሳተመው ጥናት ዕቃን ለመመርመር ሦስት ደረጃዎችን አቅርቧል፤ መግለጽ፣ ከታየው ተነሥቶ መረዳት፣ በመጨረሻም መላ ምት ማቅረብ። የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመላ ምት ስለሆነ ያዩት ነገር ሁሉ ቀድመው ለገመቱት ድጋፍ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ምንም አስተያየት እንዲገልጹ ይደረግ፤ ቁመቱና ወርዱ በማስመሪያ ይለካ፣ ክብደቱ ይመዘን፣ ቁሱ ይለይ፣ ከስንት ክፍል እንደተሠራና ክፍሎቹ በምን እንደተያያዙ ይጻፍ፣ ጥላሸት፣ ጭረት፣ መደብዘዝና መሰንጠቅ የት የት እንዳለ ይታይ። ዕቃውን በእርሳስ መሣል በዚህ ደረጃ ከፎቶግራፍ ይበልጣል፤ ካሜራው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል፣ የሚሥል ተማሪ ግን እጀታው ከገላው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ሳያይ ሊያልፍ አይችልም። ፎቶግራፉ ከማስመሪያ ጋር ሆኖ ለመዝገቡ በኋላ ይነሣ።

ከዚያ ቀጥሎ ተማሪው ዕቃውን ሲይዘው ምን እንደሚሰማው፣ በስንት እጅ እንደሚያዝ፣ ለአዋቂ ወይም ለልጅ እንደተመጠነ ያስባል። መላ ምቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ሲሆን እያንዳንዱ መላ ምት ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ ጥያቄውም ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ሠሪው ይወሰዳል። ይህ ሽግግር የትምህርቱ ዋና ምዕራፍ ነው። ተማሪው ከዕቃው ብቻ ሊያውቀው የሚችለው እስከ የት እንደሆነ የሚረዳው ገምቶ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ «የለም፣ ለዚያ አይደለም» ሲሉት ነው።

ቃለ መጠይቁ ሰውየው ዕቃውን ይዘው ሳለ ቢደረግ ይመረጣል፤ እጅ ዕቃ ሲነካ የሚታወስ ብዙ ነገር አለና። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «እንዴት እንደሚሠራበት ያሳዩኝ» ማለት፣ «ጥሩ ነው?» ከማለት «መጥፎ የተሠራውን በምን ይለዩታል?» ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል። የክፍሎቹ መጠሪያ ተናጋሪው እንዳሉት ይጻፍ እንጂ ተማሪው በመሰለው ስም አይተካ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱም ከነስማቸው ይመዝገቡ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ የተማሪው ሥልጣን አይደለም። ሠሪው በሕይወት ካሉ የአሠራሩ ሂደት ከጥሬ ቁሱ ዝግጅት አንሥቶ በምስልና በድምፅ ቢቀረጽ ያ ቀረጻ ከዕቃው የማያንስ ዋጋ ይኖረዋል። ዩኔስኮ በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ባህላዊ የዕደ ጥበብ ሙያን ከአምስት መስኮች አንዱ አድርጎ ሲያስቀምጥ ሊጠበቅ ይገባል ያለው በዋናነት ክህሎቱና ዕውቀቱ ነው።

መዝገቡን በተመለከተ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ቀላል የቁጥር አሰጣጥ ለትምህርት ቤትም ይሠራል። ለምሳሌ 2024.3.2 የሚል ቁጥር ዕቃው በ2024 የገባ፣ በዚያ ዓመት ከተገኙት ስጦታዎች የሦስተኛው አካል፣ ከዚያም ውስጥ ሁለተኛው ዕቃ መሆኑን ያሳያል። ቁጥሩ በክር በታሰረ ካርድ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ በጨርቅ ላይ ከሆነ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በጥቂት ስፌት ይያያዛል። ተለጣፊ ወረቀትና ፕላስተር በዕቃው ላይ ፈጽሞ አይለጠፍ፣ በእስክሪብቶም አይጻፍበት። በካርዱ ላይ የዕቃው መጠሪያ፣ ልኩ፣ ቁሱ፣ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታና ጊዜ፣ አገልግሎቱ፣ የሰጠው ሰው፣ ዕቃው ከዚያ በፊት በማን እጅ እንደነበረና የመዝጋቢው ተማሪ ስም ይሰፍራል። ከእነዚህ መካከል ተማሪዎች ባዶ የሚተዉት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በማን እጅ እንደነበረ የሚለውን ነው፤ መምህሩ አጥብቆ መመርመር ያለበትም ይህን ነው።

የማይወሰድ ዕቃ

ዕቃ ሁሉ አይሰበሰብም። በኒው ሜክሲኮ የሚኖሩት የዙኒ ሕዝቦች አሃዩዳ የተባሉ ከእንጨት የተቀረጹ ቅዱሳን ምስሎችን ክፍት በሆነ ሥፍራ ያቆማሉ፤ ምስሎቹ በፀሐይና በዝናብ እየተበሉ ወደ መሬት እንዲመለሱ የእምነቱ ሥርዓት ያዛል። ሰብሳቢዎች ብዙዎቹን ወስደው በሙዚየም ውስጥ በጥንቃቄ አቆዩአቸው። ዙኒዎች ከ1978 ጀምሮ እንዲመለሱላቸው በመጠየቅ ብዙዎቹን አስመልሰዋል፤ የተመለሱትም እንዲጠበቁ ሳይሆን እንደ ሥርዓቱ እንዲያረጁ ተደርገዋል። ማቆየት ራሱ በደል ሊሆን የሚችልበት ጊዜ እንዳለ ተማሪዎች በዚህ ምሳሌ ላይ ተረጋግተው ቢወያዩ መልካም ነው፤ በችኮላ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

በተግባርም ጥቂት ደንቦች አስቀድመው መነገር አለባቸው። ለአምልኮ የሚያገለግል፣ ከመቃብር ወይም ከጥንታዊ ፍርስራሽ የተገኘ፣ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ ወደ ትምህርት ቤቱ አይገባም። ዩኔስኮ በ1970 የባህል ንብረትን ሕገ ወጥ ዝውውር ለመከላከል ያጸደቀው ስምምነት የታለመው ለመንግሥታት ቢሆንም፣ ተማሪዎች የዕቃ ምንጭን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ እንዲረዱ ያግዛል። ተማሪው ከቤቱ የሚያመጣው ዕቃ በታላላቆቹ ፈቃድ ይምጣ፤ ቤተሰቡ ዛሬም የሚሠራበት ከሆነ ተለክቶ፣ ተሥሎና ፎቶ ተነሥቶ በቦታው ይቅር። ሙሉ መዝገብ ያለውና ከባለቤቱ ቤት ያልወጣ ዕቃ ለስብስቡ እንደገባ ሊቆጠር ይችላል፤ እንዲያውም የስብስቡ አብዛኛው ክፍል እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ።

ለተረከቡት ዕቃ የሚደረገው ጥንቃቄ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ዕቃ በታጠበና በደረቀ እጅ፣ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ማሰሮ በጆሮው አይነሣም፣ ከሥሩ ተደግፎ በገላው ይያዛል እንጂ። በነፍሳት የተጠረጠረ ጨርቅ ወይም ቅርጫት በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ብርሃን በቀለምና በጨርቅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ የሚሄድና የማይመለስ ስለሆነ ጨርቃ ጨርቅ በመስኮት አጠገብ አይሰቀልም፤ ሙዚየሞች ለእንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ያደርጋሉ። ከሁሉም በላይ ግን አሮጌ ዕቃን «ለማሳመር» ማጠብና ማሸት ይቅር። ጥላሸቱና የእጅ ወዙ ተማሪው ሊያነበው የመጣው ማስረጃ ነው።

ለዕይታ ሲደረደርና ሲመዘን

በኦክስፎርድ የሚገኘውና በ1884 የተመሠረተው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ዕቃዎቹን በየአገሩ ከመለየት ይልቅ በዓይነታቸው፣ መብራትን ከመብራት፣ ጀልባን ከጀልባ ጋር አድርጎ ይደረድራል። መሥራቹ በዚህ አደራደር ለማሳየት የፈለገው የሰው ልጅ ቁሳቁስ ከቀላል ወደ ውስብስብ ያደገበትን መንገድ ሲሆን፣ ይህ አመለካከት አንዳንድ ሕዝቦችን «ኋላ የቀሩ» አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። አደራደር ራሱ የሚናገረው ነገር እንዳለ ለተማሪዎች ለማሳየት፣ ያንኑ የሰበሰቡትን ዕቃ አንድ ጊዜ በቁሱ፣ አንድ ጊዜ በአገልግሎቱ፣ አንድ ጊዜም በሰጡት ቤተሰቦች እንዲደረድሩት ማድረግ ይበቃል። በመጀመሪያው አደራደር እንጨትና ሸክላ ይጎላሉ፤ በሦስተኛው ሰው ይጎላል። የትኛውን ለዕይታ እንደሚያቀርቡ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ፣ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ያቅርቡ።

ውጤት ሲሰጥ የሚያምር ዕቃ ያመጣው ተማሪ በዕቃው ምክንያት ብልጫ ማግኘት የለበትም፤ አለበለዚያ የሚመዘነው የቤተሰቡ ሀብት ይሆናል። የሚመዘኑት ገለጻው ሌላ ሰው ዕቃውን ሳያይ ሊሥለው እስኪችል ድረስ የተሟላ መሆኑ፣ የታየውና የተገመተው ተለይተው መጻፋቸው፣ ቢያንስ አንድ ሰው በስሙ ተጠይቆ ቃሉ መስፈሩ፣ እንዲሁም መላ ምቱ በቃለ መጠይቁ ከተቃና በኋላ እንደገና መጻፉ ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ በውሰት የመጡት ዕቃዎች በፊርማ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ ከእያንዳንዱም ጋር የመዝገቡ ቅጂና የቃለ መጠይቁ ቀረጻ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ዋናው መዝገብ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቁጥር ተሰጥቶት ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ይቀመጣል።